ስለ «አንበሳው ንጉሥ» ፊልምና ስለ ትንንሽ ልጆች

አንድ ፊልም ለልጆች የሚስማማ መሆን አለመሆኑ በተጠየቀ ጊዜ ከወላጆችም ከመምህራንም ዘወትር የምንሰማው መልስ «ካርቱን ነው እኮ!» የሚል ነው። ይህ መልስ ጥያቄውን ይዘጋዋል እንጂ አይመልሰውም። ካርቱን የሚለው ቃል ፊልሙ በምን ዓይነት ጥበብ እንደ ተሠራ ይናገራል፤ ለማን እንደ ተሠራና በተመልካቹ ልብ ውስጥ ምን ትቶ እንደሚሄድ ግን አይናገርም። በቀለም የተሣለ ሞት ያው ሞት ነው። ስለዚህ ስሙ የታወቀ አንድ የካርቱን ፊልም ወስደን፥ ትንንሽ ልጆች ሊያዩት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ነገር፥ የደረሰብንንም ሳንሸሽግ፥ ልንመረምር አስበናል።

የመረጥነው ፊልም የዋልት ዲስኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው «አንበሳው ንጉሥ» ነው። አዲስ ስለ ሆነ አይደለም፤ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ያን ጊዜ በሕፃንነታቸው ያዩት ሰዎች ዛሬ ወላጆች ሆነው ለልጆቻቸው ያሳዩታል፤ በፍላሽ ዲስክ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ በልደት በዓልና በትምህርት ቤት መዝጊያ ቀን ልጆችን ለማስቀመጫ የሚያገለግል ሆኗል። አዘጋጆቹ ሮጀር አለርስና ሮብ ሚንኮፍ ሲሆኑ፥ ርዝመቱ 88 ደቂቃ ነው። ሙዚቃውን ሃንስ ዚመር፥ የዘፈኖቹን ዜማ ኤልተን ጆን፥ ግጥማቸውን ቲም ራይስ ደርሰውታል፤ በሙዚቃውና ከዘፈኖቹም በአንዱ ሁለት የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል። ለአባትየው አንበሳ ድምፁን የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፈው ስመ ጥሩ ተዋናይ ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው፤ ያን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሙፋሳ የተባለ አንበሳ በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ ነግሦ ይኖራል። ሲምባ የተባለ ልጅም ይወለድለታል፤ ሲምባ ማለት በስዋሂሊ ቋንቋ አንበሳ ማለት ነው። የንጉሡ ወንድም ዓይኑ ላይ ካለው ጠባሳ የተነሣ በእንግሊዝኛ በዚያው በጠባሳው ስም ይጠራል። ስሙን እንደ ድምፁ በፊደላችን ብንጽፈው «ስካር» ተብሎ ስለሚነበብ፥ ከበደሉም በላይ የመጠጥ ነውር እንዳንጨምርበት ብለን፥ እኛ ትርጉሙን ወስደን ጠባሳ እንለዋለን። ጠባሳ ዙፋኑን ስለሚመኝ ከጅቦች ጋር ይዶልታል፤ ግልገሉን አታልሎ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ካስቀመጠው በኋላ ጅቦቹ የአውሬ መንጋ እንዲያስደነብሩበት ያደርጋል። አባት ደርሶ ልጁን ያድነዋል፤ ራሱ ግን ገደሉን ወጥቶ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ወንድሙ የፊት እግሮቹን በጥፍሩ ወግቶ ወደ መንጋው ይወረውረዋል። ከዚያም ጠባሳ ወደ ግልገሉ ቀርቦ፥ አባቱ የሞተው በእርሱ ምክንያት መሆኑን ነግሮ፥ ከአገር ጠፍቶ እንዳይመለስ ያዝዘዋል። ግልገሉ ይሰደዳል፤ አንድ ከርከሮና ፋሮ የምትመስል አንዲት ትንሽ አውሬ ከበረሓ አንሥተው ያሳድጉታል። ጎልምሶ ሲመለስ እውነቱ ይወጣል፤ መንግሥቱም ይመለስለታል።

ንጉሥን ወንድሙ ገድሎ ሲነግሥ፥ የሟቹም ልጅ ከአባቱ መንፈስ ጋር ተነጋግሮ ሲነሣ፥ ይህ ለአንባቢዎቻችን እንግዳ ታሪክ አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ሐምሌት» ያነበበ ሁሉ ዝምድናውን ወዲያው ያያል። ልብ እንበል፤ ለአምስት ዓመት ልጅ የምናሳየው ተውኔት ይህ ነው።

በጥበቡ በኩል ግን ፊልሙ የሚናቅ አይደለም። መጀመሪያው ላይ ፀሐይ ስትወጣ፥ ደቡብ አፍሪቃዊው ሌቦ ኤም በዙሉ ቋንቋ ድምፁን ሲያሰማ፥ አራዊቱም ሁሉ የተወለደውን ግልገል ለማየት ሲጓዙ የሚታየው ክፍል፥ አንድም የንግግር ቃል ሳይኖርበት ለአዋቂም ለልጅም እኩል ይገባል። ግልገሉ ከሁለቱ ወዳጆቹ ጋር በግንድ ድልድይ ላይ ጨረቃ እያየቻቸው ሲሻገሩ፥ አንዱን ጫፍ ግልገል ሆኖ ረግጦ ሌላውን ጫፍ ጎልማሳ ሆኖ ሲወርድ፥ ብዙ ዓመት ባንድ እስትንፋስ ያልፋል፤ በጽሑፍ ይህን ለማድረግ ስንት ገጽ እንደሚጠፋ የሚያውቅ ያውቀዋል። የመንጋው ድንጋጤ የሚታይበት ክፍል ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን፥ እርሱን ለማዘጋጀት ከሁለት ዓመት በላይ ተደክሞበታል። አንበሶቹ በእጅ የተሣሉ ናቸው፤ መንጋው ግን በኮምፒዩተር የተባዛ ነው። ድካሙም ከንቱ አልሆነም፤ ያን አቧራና ያን የኮቴ ናዳ ሲያይ አዋቂ ሰው እንኳ እጁን ከወንበሩ ጋር ያጣብቃል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ከዚሁ ከጥበቡ ነው። አቧራው ከረጋ በኋላ ሬሳው ይታያል። ግልገሉ አባቱን በግንባሩ ይገፋዋል፤ ጆሮውን በጥርሱ ይዞ ይጎትተዋል፤ እርዳታ ፈልጎ ቢጣራ የሚመልስለት የለም፤ በመጨረሻም በማይንቀሳቀሰው እግር ሥር ገብቶ ይተኛል። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው «ባምቢ» በተባለው ፊልም የአጋዘኑ ግልገል እናት በአዳኝ ጥይት ትሞታለች፤ ነገር ግን ተኩሱ ይሰማል እንጂ ሬሳዋ አይታይም፤ ግልገሉ በበረዶ ውስጥ እየተጣራ ይፈልጋታል። የቀድሞዎቹ ሠሪዎች ሞቱን ከመጋረጃው በስተጀርባ ሲያደርጉት፥ የኋለኞቹ በልጅ ዓይን ፊት አጋደሙት። የትኛው የተሻለ እንደ ሆነ ወዲያው መፍረድ አይቻልም። የማይታይ ሞት ልጅን በመጠባበቅ ያስጨንቀዋልና፥ የታየው ቢያንስ የተረጋገጠ ነው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኛም ቀድሞ እንዲህ እናስብ ነበር።

የአሜሪካ የፊልም ማኅበር ይህን ፊልም «ለማንኛውም ተመልካች» በሚለው ዝቅተኛ ደረጃ መድቦታል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጆን ፋቭሮ ያንኑ ታሪክ እንደገና ሲያዘጋጀው፥ አውሬዎቹ በኮምፒዩተር ጥበብ እውነተኛ እስኪመስሉ ድረስ ስለ ተሠሩ፥ ይኸው ማኅበር የወላጅን ምክር በሚጠይቀው ደረጃ አስገባው። ታሪኩ አንድ ነው፤ የሚሞተውም ያው ንጉሥ ነው። የተለወጠው የሥዕሉ እውነት መምሰል ነው። መዛኞቹ ባገራቸው ልክ መዝነዋልና አንከሳቸውም። ነገር ግን ሚዛናቸው ፊልሙን የሚያየው ልጅ የሚነገረውን ቋንቋ እንደሚሰማ አድርጎ የተነሣ ነው። ለእኛ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህንም ያወቅነው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳችን ጥፋት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ዘመዳችን ዐረፈ። በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ሳለ ልጆቹ ከእንግዶች መካከል እየገቡ ስላስቸገሩ፥ በጓዳ በኩል ባለው ክፍል ሰብስበን ጸጥ እንድናደርጋቸው ለእኛ ተሰጠን። በኪሳችን ፍላሽ ዲስክ ነበር፤ በውስጡም ይህ ፊልም ነበር። የዘፈንና የሳቅ ፊልም መሆኑን እናስታውሳለን፤ የቀረውን ለማስታወስ አልደከምንም። ከፍተን ሄድን። ከሟቹ ልጆች ታናሹ አምስት ዓመቱ ነበር። ለእርሱ የተነገረው አባቱ ለሕክምና ወደ ሩቅ አገር መሄዱ ነበር።

ሻይ ይዘንላቸው ስንመለስ የአንበሳው ሬሳ በመስኮቱ ላይ ተጋድሟል። ልጁ ከሁሉም ቀርቦ ተቀምጧል፤ ሳይዞር «ጋሼ፥ መቼ ነው የሚነሣው?» ብሎ ጠየቀን። «አሁን ይነሣል፤ ዝም ብለህ እይ» አልነው። እንዲህ ያልነው ሌላ መልስ ስላላገኘን ነው፤ መሣሪያውን ለማጥፋትም አፈርን፤ ሌሎቹ ልጆች ይጮኻሉ ብለን ፈራን። ከዚያ በኋላ ግን ከክፍሉ አልወጣንም። ከርከሮው ሲመጣ ልጆቹ ሳቁ፤ እርሱም ሳቀ፤ ነገሩ አለፈ ብለን ተጽናናን። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ግን የጎለመሰው ሲምባ ወደ ሰማይ ባንጋጠጠ ጊዜ፥ ደመናው ተሰብስቦ የአባቱን መልክ ሲይዝ፥ ያም ታላቅ ድምፅ ሲሰማ፥ ልጁ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ይኸው ተነሣ!» አለ። ደመናው ወዲያው መበተን ጀመረ። ሲምባ እየሮጠ ተከተለው፤ አልደረሰበትም። ልጁ ዞሮ አየን። ያየን አስተያየት ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ካደረጉን ነገሮች የመጀመሪያው ነው።

ያን ዕለት ማታ ፊልሙን ብቻችንን እንደገና አየነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፁን ዘግተን አየነው። እንግሊዝኛ ከማያውቅ ልጅ ዓይን ጋር ለመተካከል ሌላ መንገድ አልነበረንም። ያገኘነውም ይህ ነው፤ በዚህ ፊልም ውስጥ የሚያስፈራው ሁሉ በሥዕል የተነገረ ነው፤ የሚያጽናናው ሁሉ ደግሞ በቃል የተነገረ ነው። የዝሆኖቹ አፅም ያለበት ቦታና የጅቦቹ ጥርስ፥ የመንጋው ናዳ፥ ጥፍሩ፥ ውድቀቱ፥ ሬሳው፥ እሳቱ፥ እነዚህ ሁሉ አስተርጓሚ አይፈልጉም። አባት ከመሞቱ በፊት ልጁን በሜዳ አስቀምጦ፥ ያለፉት ነገሥታት ከከዋክብት ሆነው እንደሚመለከቱት፥ እርሱም አንድ ቀን ከእነርሱ እንደሚደባለቅ ሲነግረው ግን፥ ድምፁ ሲዘጋ የሚታየው ሁለት አንበሶች ሌሊት ተቀምጠው ሰማይ ማየታቸው ብቻ ነው። በደመናው ውስጥ የሚነገረው ነገር፥ አባት በሥጋ ተመልሶ አለመምጣቱ፥ በልጁ ውስጥ መኖሩ፥ ይህም የቃል ብቻ ነው። ቃሉ ሲወጣለት የቀረው ሥዕል የሞተ አባት ተነሥቶ እንደገና ጥሎ መሄዱን ያሳያል። ጠባሳ በመጨረሻ ሲምባን በገደል አፋፍ ላይ ይዞ፥ ሙፋሳን የገደለ እርሱ ራሱ መሆኑን በጆሮው ያንሾካሹክለታል፤ የታሪኩ ቁልፍ ይህ ሹክሹክታ ነው። ድምፁን ዘግቶ ላየው ግን አንድ አንበሳ በሌላው ላይ ጎንበስ ብሎ ከመታየቱ በቀር ምንም የለም።

ስለዚህ ሁለት ፊልሞች አሉ ማለት ነው። አንደኛው አሜሪካዊው ልጅ የሚያየው ሲሆን ቁስሉንም ፈውሱንም አንድ ላይ ይሰጣል፤ ሁለተኛው የእኛ ልጅ የሚያየው ሲሆን ቁስሉን ሰጥቶ ፈውሱን በባዕድ ቋንቋ ያስቀርበታል። «ለማንኛውም ተመልካች» የተባለው የመጀመሪያው ነው።

እንግሊዝኛ የሚሰማ ሕፃንስ ከዚህ ችግር ይድናል ወይ? ብለን ብንጠይቅ፥ እርሱን ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። የሞት ሥዕል ብቻ ሳይሆን የጠባሳ ውሸት ይደርሰዋልና። የስዊስ ሊቅ ዣን ፒያዤ (1896-1980) እንዳስረዳው፥ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ያለ ልጅ ዓለምን የሚያየው ራሱን መካከል ላይ አድርጎ ነው። ወላጆቹ ቢጣሉ እኔ ስላጠፋሁ ነው ይላል፤ ሰው ቢታመም እኔ ስለ ተቈጣሁት ነው ይላል። እንዲህ ለሚያስብ ልጅ አንድ አዋቂ ዘመድ መጥቶ ለግልገሉ አባትህ በአንተ ምክንያት ሞተ ሲለው፥ ልጁ ይህን ውሸት ነው ብሎ አይጥለውም፤ ቀድሞውንም የሚጠረጥረውን ነገር በአዋቂ አፍ ተረጋግጦ ሰማው ማለት ነው። ፊልሙ ውሸቱን ያፈርሰዋል፤ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ግማሽ ሰዓት ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ክሩ የሚበጠስበት ርቀት ነው። መካከሉም በዘፈን፥ ትል በመብላትና በሳቅ የተሞላ ነው። በአሜሪካና በሌላም ውጭ አገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ቤት ይህ ነገር ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በዚያ ብዙ ጊዜ ልጁ ከወላጁ ይልቅ እንግሊዝኛውን ይሰማል፤ ስለዚህ ልጁ ምን እንደ ሰማ አጠገቡ የተቀመጠው ወላጅ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል።

ትንንሽ ልጆች በዓይናቸው መፍረዳቸውን ሌላም ጥናት ያስረዳል። ጆአን ካንተር የተባሉ አሜሪካዊት መምህርት ጭራቅ የሚመስል አረንጓዴ ሰው የሚታይበትን «ሀልክ» የተባለ የቴሌቪዥን ታሪክ አስመልክተው ባጠኑ ጊዜ፥ ሕፃናቱን ይበልጥ ያስፈራቸው ደጉ ሰው ወደዚያ አስፈሪ መልክ የሚለወጥበት ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ጭራቁ የሚመጣው ሰው ለመርዳት መሆኑ ለትልልቆቹ ይገባቸዋል፤ ትንንሾቹ ግን የሚያዩት መልኩን ነው። በ«አንበሳው ንጉሥ» ውስጥም ሠሪዎቹ ይህን ያወቁ ይመስላሉ፤ ደጉን ብሩህ፥ ክፉውን ጥቁር ጎፈር፥ ጅቦቹንም ለሐጫቸው የሚንጠባጠብ አድርገው ሥለዋቸዋል። (ስለ ጅብ ያለንን ቅሬታ እዚህ አናስረዝመውም። በሐረር ግን ማታ ማታ ጅብ በእጃቸው የሚያበሉ ሰዎችን አይቶ ያደገ ልጅ በዚህ ሥዕል ሳይስቅ አይቀርም።)

አንዳንድ አንባቢ በዚህ ላይ እንደሚቃወመን እናውቃለን። እኛ ያደግንበት ተረት ምን ነበር? ጅብ አህያን ይበላል፤ አንበሳ ሚዳቋን ይሰብራል፤ እንጀራ እናት ልጅ ትጥላለች፤ ይህን ሁሉ በጨለማ በእሳት ዳር ሰምተን አድገናል፤ ማናችን ታመምን? ይላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ለብዙ ጊዜም አሸንፎን ነበር። ልዩነቱ ያለው ግን በሞቱ ላይ ሳይሆን በሚነግረው ላይ ነው። አያት ተረት ስትነግር የልጁን ፊት ታያለች። ዓይኑ ከፈጠጠ ጅቡን ታሳጥረዋለች፤ ከሳቀ ታስረዝመዋለች፤ ከፈራም አቅፋ በዚያው በልጁ ቋንቋ ነገሩን ትጨርስለታለች። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት ተረት ሲነግሩ የኖሩት፥ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ እንኳ፥ የልጆቹን ፊት በመስታወቱ አልፈው ለማየት ባይችሉም፥ ድምፃቸውን ዝቅና ከፍ እያደረጉ አጠገባቸው ያሉ ያህል ያናግሯቸው ነበር። ፊልም ግን የማንንም ፊት አያይም። ለአምስት ዓመቱና ለአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ አንዱን ሬሳ በአንድ ልክ ያሳያል። በዚያም ላይ ጅብ አህያን የበላበትን ተረት የሰማ ልጅ ጅቡን የሚሥለው በራሱ አሳብ መጠን ነው፤ ከሚችለው በላይ አስፈሪ አድርጎ አይሥለውም።

ይህን ስንል ግን ልጅ ስለ ሞት ምንም አይስማ ማለታችን አይደለም። በእኛ አገር ያለው ጉዳት በአብዛኛው ከዚህ ተቃራኒ ነው። መርዶን ለአዋቂ እንኳ በዘዴና በማለዳ የምንነግር ሰዎች ነን፤ ለልጅ ሲሆን ግን ጭራሹን እንተወዋለን። ሩቅ አገር ሄደ፥ ይመጣል፥ ከረሜላ ይዞልህ ይመጣል እንላለን። ልጁም ድንኳን ሲተከል፥ እናቱ ጥቁር ስትለብስ፥ ሴቶች ደረት ሲመቱ ያያል፤ የሚነገረው ቃልና የሚያየው ሥዕል አይገናኙለትም። ካሰብንበት፥ ለዚያ ልጅ ቤቱ ራሱ ድምፁ የተዘጋ ፊልም ሆኖበት ነበር። እኛም በላዩ ላይ ሁለተኛ አመጣንበት።

ስለ ፊልሙ ሌላ የሚነቀፍ ነገር ቢኖር፥ ከርከሮውና ጓደኛው ስለ ምንም ነገር አታስብ የሚል ትምህርት ለስደተኛው ግልገል መስጠታቸውን የሚነቅፉ መምህራን አጋጥመውናል። በእኛ አስተያየት ይህ ነቀፋ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ካለማየት የመጣ ነው፤ ታሪኩ ራሱ ያን ትምህርት ጥሎት ይሄዳል። ጅቦቹ በመጨረሻ ጠባሳን ሲበሉት የሚታየው ጥላቸው በእሳት መካከል ብቻ ነው፤ ይህን በጥላ ለመሸፈን የተጠነቀቁ ሰዎች የአባትየውን ሬሳ ባደባባይ ማስተኛታቸው ይገርማል።

ፍርዳችንን እንግዲህ እንናገር። ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን ፊልም ባያየው ይሻላል፤ ብቻውንም ሆነ ከብዙ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተዘግቶ ፈጽሞ ሊያየው አይገባም። የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን በመዝጊያ ቀን አርባ ልጅ ለማስቀመጥ ፊልም ሲያስፈልጋቸው ይህን አይምረጡ፤ ከአርባው መካከል አባት ወይም እናት የሞተችበት ልጅ መኖሩን ማን ያውቃል? ለዚያ ዕድሜ በአማርኛ የተሠራ አጭር ነገር ይበቃል፤ ፀሐይ የተባለችው የቀጭኔ አሻንጉሊት የምትታይበትን ዝግጅት የመሰለ ማለታችን ነው። ከሰባት ዓመት ወዲያ ላለ ልጅ ግን ፊልሙ መልካም ነው፤ እንዲያውም ስለ ሞትና ስለ ጥፋት ከልጅ ጋር ለመነጋገር ከዚህ የበለጠ አጋጣሚ ያለው ፊልም ብዙ አላየንም። ይህንም የምንለው አንድ አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ፥ የማቆሚያውን ቁልፍ በእጁ ይዞ፥ በልጁ ቋንቋ የሚነግረው ከሆነ ነው። ለደቡብ አፍሪቃ ልጆች ፊልሙ በዙሉ ቋንቋ ተቀድቶላቸዋል። ለእኛ ልጅ ግን፥ እኛ ያየነው ቅጂ እንግሊዝኛ ብቻ ስለ ነበር፥ የአስተርጓሚነቱ ሥራ በወላጅ ላይ ወድቋል። ከሁሉም በፊት ሦስት ቦታዎች በሚገባ መነገር አለባቸው፤ የከዋክብቱ ንግግር፥ ጠባሳ በግልገሉ ላይ የጫነው ውሸትና የመጨረሻው ሹክሹክታ። ሁለተኛው በሚነገርበት ጊዜ «ይህ ውሸት ነው፤ አሁን ሲዋሽ ነው» ብሎ ወዲያው መናገር ይገባል እንጂ የታሪኩን ጣዕም ላለማበላሸት ተብሎ እስከ መጨረሻው መቆየት አይገባም። የታሪክ ጣዕም ለአዋቂ ነው።

ያ ልጅ አሁን ዐድጓል። እናቱ በዓመቱ እውነቱን ነግራዋለች፤ መቃብሩንም አሳይታዋለች። ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ ፊልሙን ራሱ አስታውሶ ጠየቀን፤ እኛም እናቱን አስፈቅደን በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን። ከዋክብቱ ጋ ስንደርስ አቁመን ነገርነው፤ ራሱን ነቀነቀ። ሸለቆው ጋ ስንደርስ «ይህን አውቀዋለሁ፤ ይለፉት» አለን፤ አለፍነው። ጠባሳ ግልገሉን ሲወቅሰው ውሸቱን መሆኑን ነገርነው፤ ምንም አላለም፤ ግን ወደ እኛ ጠጋ አለ። ደመናው ጋ ሲደርስ ዝም ብሎ አየ፤ እኛም ዝም አልን።

በመጨረሻ በገደሉ አፋፍ ላይ ጠባሳ ጎንበስ ብሎ ሲያንሾካሹክ አቁመን፥ «አባትህን የገደልሁት እኔ ነኝ አለው» ብለን ተረጎምንለት።

«ታዲያ ሲምባ ምንም አላጠፋም ማለት ነው?»

«ምንም አላጠፋም።»

ጥቂት አሰበና ፊልሙን ወደ ኋላ መልሰን ያችኑ ቦታ እንደገና እንድናሳየው፥ ቃሉንም እንደገና እንድንልለት ጠየቀን። መለስነው። ደግሞም ጠየቀን። ሦስት ጊዜ መልሰን አሳየነው፤ በሦስተኛው ላይ ቃሉን ከእኛ ቀድሞ ራሱ ተናገረው።